የትኛው ሱፍ?

ጥያቄ፦ መንዝ ውስጥ 3ኛ ክፍል አስተምራለሁ። የበግ ጠጉርንና ጤናማ ምግብን በአንድ ሳምንት እንዴት ላስተምር? ልጆቹ ቶሎ ይሰለቻሉ።
እህታችሁ፣ ከመንዝ

መልስ፦ እህቴ፣ አማርኛችን መንገዱን ጠርጎልሻል! «ሱፍ ምንድን ነው?» ብለሽ ጀምሪ። እኔ አስተማሪ ሳለሁ ስጠይቅ ግማሹ «በግ» አለ፣ ግማሹ «ፍትፍት»። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ለበጉ ሱፍ አንዲት እናት እንዝርት ይዘው ይምጡልሽ። ልጆቹ ያልታጠበውን ጠጉር በእጃቸው ይንኩት። ጣታቸው ላይ የሚቀረው ቅባት በጉን ከዝናብ የሚጠብቀው ነው። ከዚያ ሲታጠብ፣ ሲፈተል ይዩ። ባና፣ ያን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ከቤቱ የሚያመጣ ልጅ አይጠፋም።

የሚበላውን ሱፍ ደግሞ ቆልታችሁ ውቀጡት፣ በውኃ በጥብጣችሁ አጥልሉት፣ እንጀራ ፈትፍቱበት። ቅባቱ ለልብ ይስማማል። ስኳር ግን እንዳታበዢ፤ እኔ አብዝቼ ከረሜላ አስመስዬዋለሁ።