ክሮሚየምን በባክቴሪያ ስለማስወገድ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ለማስተርስ ጥናቴ ከሞጆ ቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ክሮሚየምን በባክቴሪያ ላስወግድ ነው፣ የቱን ባክቴሪያ ልግዛ ብለሻል። እኔም ያንኑ ሠርቼ ተመርቄበታለሁ። ባክቴሪያ አትግዢ። ፍሳሹ ከሚወርድበት ቦይ ዳር ጭቃ ውሰጂ፣ ክሮሚየም የለመዱት እዚያው አሉ። ጉድ የሚሠራሽ ሌላ ነው።

1. የትኛው ክሮሚየም እንደሆነ ለዪ፤ ሦስት እና ስድስት የሚባሉ ሁለት መልኮች አሉት። ቆዳ ማልፊያው ክሮሚየም ሦስት ነው። እሱ የፍሳሹን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያውን) በኖራ ወደ 8 ወይም 9 ስታደርሺው ራሱ ይዘቅጣል፣ ባክቴሪያ ምን ያደርግለታል? ባክቴሪያ የሚያስፈልገው መርዛማው ክሮሚየም ስድስት ነው፤ እሱን ወደ ሦስት ይቀይሩልሻል።

2. ናሙናሽን ለማንም አታስነኪ። አንጀቴ ያረረው እዚህ ላይ ነው። ጠርሙሶቼን ይዤ አንድ ላብራቶሪ ሄድኩ። ተቀባዩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ክዳናቸውን እየከፈተ ኒትሪክ አሲድ ጠብ ጠብ ያደርግባቸው ጀመር። ኧረ ተው፣ ይሄ ለክሮሚየም ስድስት ነው ስለው «ሄቪ ሜታል አይደል? አንተ ነህ የምታስተምረኝ?» አለኝ። ለጠቅላላ ክሮሚየም ልክ ነው፣ አሲድ ይጨመራል። ግን አሲድና የፍሳሹ ቆሻሻ ሲገናኙ ስድስቱ ባክቴሪያ ሳይነካው ሦስት ይሆናል! ውጤቱ ባዶ ሆኖ መጣ፤ ብሩን ማን ይመልስልኝ፣ ደረሰኙ እስካሁን አለ። ከዚያ በኋላ ራሴው እዚያው ወንዙ ዳር አጣርቼ፣ ፒኤቹን ከ9 ትንሽ ከፍ አድርጌ፣ በበረዶ ይዤ እመለስ ነበር። ዳይፌኒልካርባዛይድ የሚባለውን የክሮሚየም ስድስት ጠቋሚ ኬሚካል ጠብ ስታደርጊበት ወይን ጠጅ ይሆናል፣ የቀለሙን ድምቀት በስፔክትሮፎቶሜትር (በብርሃን መለኪያ) በ540 ናኖሜትር ታነቢዋለሽ። ባክቴሪያዎቹ ስድስቱን ሲቀይሩት ቀለሙ ከሰዓት ሰዓት ሲሳሳ ማየት ደስ ይላል፣ እውነቴን ነው።

3. ባክቴሪያ የሌለበት ፍላስክ ጎን ለጎን አስቀምጪ። ለባክቴሪያዎቹ የምታበያቸው ምግብ ራሱ ክሮሚየም ስድስትን ወደ ሦስት ሊቀይር ይችላል። ፈታኙ መጀመሪያ የጠየቀኝ ይሄንን ነበር፣ የዚያን ፍላስክ ግራፍ ሳሳየው ዝም አለ። አማካሪዬ ደግሞ ጊዜ ማባከን ነው ሲለኝ ነበር፣ ተወው።

ደግሞ ወይን ጠጁ ስለጠፋ ውሃው ጸዳ እንዳትዪ። ክሮሚየሙ የትም አልሄደም፣ ግማሹ ዝቃጭ ውስጥ ነው፣ ግማሹ ውሃው ውስጥ ተንሳፎ ሊቀር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው በሊትር 0.05 ሚሊግራም የጠቅላላው ክሮሚየም ነው። ስለዚህ ጠቅላላውንም አስለኪ፣ ለዚህኛው አሲዱን ይጨምሩልሽ። ዝቃጩን ሲንክ ውስጥ እንዳትደፊው ብቻ።

ዳይፌኒልካርባዛይድ ካጣሽ ኢንቦክስ አድርጊኝ፣ ዱቄቱ ተርፎኛል።