ኢብን ሲናን ሳታነቡ አትለፉት

ውድ ልጆቼ፣

የነርቭና የአእምሮ ሕክምና የምትማሩ ወጣቶች፣ የመካከለኛው ዘመን ሊቃውንት ስለ አእምሮ የጻፉት ሁሉ ጊዜው ያለፈበት ነው ስትሉ እሰማለሁ። ዕድሜዬን በዚሁ ሙያ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና አደራ እላችኋለሁ፤ ቢያንስ ኢብን ሲናን አንብቡት።

ከ980 እስከ 1037 እ.ኤ.አ. የኖረው ይህ ሐኪምና ፈላስፋ የዝናብ ጠብታን ይመለከታል። ጠብታዋ ስትወርድ ቀጥ ያለ መስመር ሆና ትታየናለች። ዓይን ግን በየቅጽበቱ የሚያያት ባለችበት ቦታ ብቻ ነው። ታዲያ መስመሩን ማን ሠራው? ያለፈውን ከአሁኑ የሚያገናኝ ኃይል ከዓይን በስተጀርባ መኖር አለበት ይላል። ደግሞም መቀበል ሌላ፣ ማቆየት ሌላ ነው፤ ውሃ ቅርጽን ይቀበላል እንጂ አይዘውም። ስለዚህ ምስሉን የሚያቆይ ሁለተኛ ኃይል ያስፈልጋል። በግ ከተኩላ ትሸሻለች፤ ጠላትነት ግን ቀለም የለው፣ ድምፅ የለው፣ ሽታ የለው። በጓ በምን አወቀችው? ይህን የሚረዳ ኃይልና የተረዳውን የሚያኖር ማኅደር ጨመረ። ምስሎችን ከሚያጣምረውና ከሚለያየው ጋር አምስት ሆኑ።

እነዚህን ኃይሎች በአንጎል ውስጥ ባሉ ክፍተቶች መደልደሉ ትክክል አልነበረም። የሰውነት አወቃቀር ሊቁ ቬሳሊየስ በ1543 እንስሳትም ተመሳሳይ ክፍተት እንዳላቸው ጠቅሶ ተቃውሞታል። የሃይማኖት ሊቁና ፈላስፋው ቶማስ አኩዊናስም ቀደም ብሎ አምስቱን ወደ አራት አውርዷቸው ነበር።

የቦታው ነገር ቢወድቅም ክፍፍሉ ዛሬም ያስተምራል። የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ስኮቪልና የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሚልነር በ1957 ስለ አንድ ታካሚ ጻፉ፤ ለሚጥል በሽታ ሲባል ከአንጎሉ ግራና ቀኝ የጎን ክፍል ውስጠኛው አካል ተቆርጦ የወጣለት ሰው ነው። ያያል፣ ይሰማል፣ ይጨዋወታል፤ አዲስ ነገር ግን አይዝም።

ስለዚህ የአንጎል ምስል ከማዘዛችሁ በፊት የትኛው ሥራ እንደተጓደለ ለዩ። "አባታችን ይረሳሉ" ብለው ልጆቻቸው ያመጧቸው አዛውንት ትዝ ይሉኛል። ሦስት ቃላት ነግሬ መልሱልኝ ስላቸው አንዱንም አላሉም። እነዚያኑ ቃላት በወረቀት ጽፌ አሳየኋቸው፤ ከቆይታ በኋላ ሦስቱንም ያለ ስህተት ደገሟቸው። የደከመው ጆሯቸው ነበር። ያልተቀበሉትን ከየት አምጥተው ያቆዩታል?

ለመጀመር የምትሹ፣ "አሽ-ሺፋ" ከተሰኘው ትልቅ ሥራው ስለ ነፍስ የጻፈውን ክፍል ፈልጉ፤ ጠብታዋንም በጓንም እዚያ ታገኟቸዋላችሁ።