ፒንግ ይመልሳል፣ ግን አያትምም፦ ነገሩ ያለው ሰብኔት ማስኩ ላይ ነው

አንድ አንባቢ የላከው ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ነው። የአንድ ቢሮ ኔትወርክ ኃላፊነት እሱ ላይ ነው። ሁሉም ነገር በ192.168.1.0፣ በ255.255.255.0 ማስክ (የትኞቹ አድራሻዎች በአንድ ኔትወርክ እንዳሉ የሚለይ ቁጥር)፣ በአንድ ራውተርና በጥቂት ስዊቾች ደህና ሲሠራ ነበር። ካሜራዎች ሲገጠሙ ኔትወርኩ የተንቀራፈፈ መሰለው። የሚያውቀው ሰው «ለሁለት ክፈለው፣ ይፈጥናል» አለው። እሱም የኮምፒውተሮቹን ማስክ በሙሉ ወደ 255.255.255.128 ቀየረ። ራውተሩን (192.168.1.1)፣ ፕሪንተሩን (192.168.1.200) እና ካሜራዎቹን ግን አልነካም። ከዚያ ወዲህ አድራሻቸው ከ20 እስከ 100 ያሉት ኮምፒውተሮች ኢንተርኔት አላቸው፣ ፕሪንተሩም ፒንግ ሲደረግ («አለህ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ) ይመልስላቸዋል፣ ግን ማተም አይችሉም። ከ130 በላይ ያሉት ደግሞ ያትማሉ፤ ኢንተርኔት ጭራሽ የጠፋባቸው ግን ከእነሱ መሃል አሉ። «የተበላሸው ፕሪንተሩ ነው ራውተሩ?» ይላል።

ሁለቱም አይደሉም ወንድሜ። ሪሴት የሚባለውን ነገር እንዳትነካ፤ ደህናውን ሴቲንግ አጥፍተህ ሌላ ራስ ምታት ትገዛለህ። መፍትሔው አጭር ነው፦ የኮምፒውተሮቹን ማስክ በሙሉ ወደ 255.255.255.0 መልስ። ሁለቱም ችግር አብሮ ይጠፋል። ለምን እንደሚጠፋ ግን ማወቅ አለብህ፣ አለበለዚያ ነገ ሌላ ሰው ሌላ ቁጥር ይነግርህና እንደገና እዚሁ ትመጣለህ።

ኮምፒውተር ፓኬት (ተቆራርጦ የሚላክ መረጃ) ከመላኩ በፊት ራሱን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይሄ የምልክለት ጎረቤቴ ነው ወይስ ሩቅ ያለ? ጎረቤት ከሆነ ራሱ ይጣራል። «192.168.1.200 ማን ነው? ማክ አድራሻህን ንገረኝ» ብሎ ሰፈሩን በሙሉ ይጠይቃል (ኤአርፒ የሚባለው ይሄ ነው፤ ማክ አድራሻ ደግሞ የመሣሪያው የኔትወርክ ካርድ መለያ ቁጥር ነው)፣ መልስ ሲያገኝ በቀጥታ ይልክለታል። ራውተሩ እዚህ ውስጥ እጁ የለበትም። ሩቅ ያለ ከሆነ ግን ፓኬቱን ለጌትዌዩ (ወደ ውጭ ለሚያወጣው በር፣ አንተ ዘንድ ራውተሩ ነው) አስረክቦ ይገላገላል። ማስክ የሚያገለግለው ይህችን አንድ ጥያቄ ለመመለስ ነው። ፍጥነት አይጨምርም፣ ጥበቃም አይሆንም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ ማስክ ከፓኬቱ ጋር አብሮ እንደማይጓዝ ነው። ፓኬቱ ላይ የላኪና የተቀባይ አድራሻ አለ፣ ማስክ ግን የለም። እያንዳንዱ መሣሪያ የሚያውቀው የራሱን ማስክ ብቻ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን «ሩቅ ነህ» እያለው፣ ፕሪንተሩ ኮምፒውተሩን «ጎረቤቴ ነህ» ሊለው ይችላል፤ አለመስማማታቸውንም የሚነግርህ የለም። ኤረር አይወጣም፣ መብራት አያበራም። አንተ ዘንድ የሆነው ይኸው ነው።

በቁጥር እንየው። አይፒ አድራሻ ለዓይናችን እንዲመች በአራት ቁጥር ይጻፍ እንጂ ለማሽኑ 32 ቢት፣ ማለትም 32 የ0 እና የ1 አሃዝ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር 8 ቢት ስለሆነ ከ255 አያልፍም። ማስኩም እንደዚያው 32 ቢት ነው፤ ከግራ ጀምሮ 1 የተደረደረበት ክፍል ኔትወርኩን፣ 0 የሆነው ቀሪ ደግሞ መሣሪያውን ይለያል። 255.255.255.0 ማለት 24 አንዶች፣ በአጭሩ /24 ነው። 255.255.255.128 ላይ አንድ ተጨምራ 25 ትሆናለች፣ /25። ይህች 25ኛዋ ቢት ናት ጉድ የሠራችህ።

አድራሻው 192.168.1.50 የሆነ ኮምፒውተር ውሰድ። 50 በባይነሪ 00110010 ነው። የፕሪንተሩ 200 ደግሞ 11001000። የመጀመሪያዋን አሃዝ ብቻ ተመልከት፦ የኮምፒውተሩ 0፣ የፕሪንተሩ 1። በ/24 ይህች አሃዝ የመሣሪያው ክፍል ስለነበረች ለውጥ አታመጣም፣ ሁለቱም ጎረቤት ናቸው። በ/25 ግን የኔትወርኩ ክፍል ውስጥ ገባች። ስለዚህ ለኮምፒውተሩ ሰፈሩ ከ0 እስከ 127 ብቻ ሆነና 200 ከሰፈር ወጣ።

ታዲያ ለምን ፒንጉ ይመልሳል? ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን ሩቅ ነው ብሎ ስላሰበ ፓኬቱን ለራውተሩ ይሰጣል። ራውተሩ አሁንም በ/24 ላይ ስለሆነ 200ን ያውቀዋል፣ ተቀብሎ በዚያው በመጣበት በኩል መልሶ ይልከዋል። ፕሪንተሩ ደረሰው። ሲመልስ ግን በእሱ ማስክ 50 ጎረቤቱ ነው፣ ስለዚህ በራውተሩ በኩል አያልፍም፣ በቀጥታ ይመልሳል። ሄዶ በአንድ በር፣ መጥቶ በሌላ። ፒንግ አንድ ጥያቄና አንድ መልስ ስለሆነ ይሄ አያስጨንቀውም።

ማተም ግን ቲሲፒ (ሁለት መሣሪያዎች ተማምነው የሚነጋገሩበት ደንብ) ይፈልጋል፤ ቲሲፒ ደግሞ ገና ሲጀምር ሦስት ምልልስ አለው። ኮምፒውተሩ «እንገናኝ» ይላል፣ ፕሪንተሩ «እሺ፣ እንገናኝ» ይላል፣ ኮምፒውተሩ «ደርሶኛል» ይላል። መሃል ላይ ያለው ራውተር ፋየርዎል (ማን ይለፍ ማን ይቅር የሚል ዘበኛ) ካለው የመጀመሪያዋን አየ፣ ሁለተኛዋ በሌላ በር ስላለፈች አላያትም፣ ሦስተኛዋ ስትመጣበት «ያልተጀመረ ወሬ ነው» ብሎ ይጥላታል። ግንኙነቱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አንተ የምታየው ፒንግ የሚመልስ ግን የማያትም ፕሪንተር ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ስታይ፣ ፒንጉ እሺ ብሎ ሥራው እምቢ ሲል ማለቴ ነው፣ ድራይቨር ከመቀየርህ በፊት የሁለቱንም ወገን ማስክ አስተያይ። ፋየርዎሉ ላላ ያለ ራውተር ቢሆን ኖሮ ሕትመቱ ያልፍ ነበር፣ ስህተቱም ተደብቆ ይኖር ነበር። እንደ እኔ ያ የባሰ ነው።

ወደ ሌላኛው ወገን እንሂድ። 192.168.1.140 በ/25 ሰፈሩ ከ128 እስከ 255 ነው። ፕሪንተሩ 200 እዚያው ስላለ ያለ ችግር ያትማል። ጌትዌዩ 192.168.1.1 ግን ከሰፈር ውጭ ሆነ። ሩቅ ያለውን ሁሉ የሚያደርስልህ ራሱ ሩቅ ከሆነ ማን ያደርስሃል? እዚህ ላይ ሲስተሞች ይለያያሉ። ሊኑክስ እንደ ነገሩ ከሞላኸው እንዲህ ያለውን ጌትዌይ አልቀበልም ይላል። ዊንዶውስ በእጅህ ሞልተህ እሺ ስትል ጌትዌዩ በዚሁ ኔትወርክ ውስጥ አይደለም ብሎ ያስጠነቅቅሃል፣ ሴቭ ላድርገው ወይ ይልሃል፤ ከዘለልከው አንዳንዴ እንደምንም ጌትዌዩን ፈልጎ ያገኘዋል። «ይሄኛው ይሠራል፣ ያኛው አይሠራም» የሚያሰኝህ ይሄ ነው። ያቺን ማስጠንቀቂያ ሳያነብ እሺ የሚል ሰው ብዙ ነው፣ እባክህ አንብባት።

ማስኩን ስትመልስ በእጅ የሞላሃቸውን አንድ በአንድ መዞርህ ነው። አድራሻ በዲኤችሲፒ (አድራሻ በራሱ በሚያድለው አገልግሎት) የሚያገኙ ካሉ ግን ማስኩ የሚመጣላቸው ከሰርቨሩ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ራውተሩ ራሱ ነው፤ እዚያ አንዴ ታስተካክልና ኮምፒውተሮቹ አድራሻቸውን እንደገና እንዲጠይቁ ታደርጋለህ። በዚያው እግርህ ለኮምፒውተሮቹ በሙሉ ዲኤችሲፒ ክፈትላቸው። በእጅ የሚሞላው ለራውተር፣ ለፕሪንተር፣ ለካሜራ መቅጃና ለመሳሰሉት ይብቃ፤ እነሱንም ዲኤችሲፒው ከሚያድለው ክልል ውጭ አስቀምጣቸው፣ አለዚያ አንድ ቀን ሁለት መሣሪያ አንድ አድራሻ ይዘው ሲሻሙ ታገኛቸዋለህ። አንዱ ኮምፒውተር በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ይዞ ካገኘኸው ደግሞ ዲኤችሲፒ አልመለሰለትም ማለት ነው፤ ያኔ ማስኩን ትተህ ኬብሉንና ዲኤችሲፒውን እይ።

አሁን ወደ ሰጡህ ምክር። መክፈል ያፈጥናል የሚባለው መሠረት የሌለው ወሬ አይደለም። እነዚያ ሰፈሩን በሙሉ የሚጠይቁ መልእክቶች፣ ብሮድካስት የሚባሉት፣ መሣሪያ በበዛ ቁጥር ይበዛሉ። ግን /24 ውስጥ ለመሣሪያ የሚሆን 254 አድራሻ ነው ያለው፣ ያ ሁሉ ቢሞላ እንኳ የዛሬ ስዊች በብሮድካስት ብዛት ብቻ አይንገዳገድም። ያንተ ከተንቀራፈፈ ሌላ ቦታ ፈልግ። ካሜራዎቹ የሚልኩት ቪዲዮ በሙሉ በአንዲት ቀጭን የስዊች ለስዊች መስመር ላይ እየተጨናነቀ ይሆን? 100 ሜጋቢት ላይ የቀረ ፖርት ይኖር ይሆን? ከአንድ ስዊች ተነስቶ መልሶ እዚያው የተሰካ ኬብል ካለ ደግሞ እንኳን ሊፈጥን፣ ጭራሽ ይቆማል።

ዋናው ነገር ማስክ ብቻውን ምንም አይከፍልም። ሁሉም አንድ ስዊች ላይ እስከተሰኩ ድረስ ብሮድካስቱ ለሁሉም ይደርሳል፣ ማስኩ ምንም ይሁን። ሰውም ላፕቶፑ ላይ ማስኩን ቀይሮ ካሜራው ጋ መድረስ ይችላል። እውነተኛ መክፈል ከፈለግክ፣ እና ለካሜራዎች ብትከፍል እኔም እደግፍሃለሁ፣ የሚያስፈልግህ ቪላን (አንዱን ስዊች እንደ ብዙ የተለያየ ስዊች መክፈል) የሚችል ስዊችና በእያንዳንዱ ሰብኔት (ቅድም ሰፈር ያልነው) ውስጥ እግር ያለው ራውተር ነው። ካሜራዎቹን ለብቻ ቪላን ላይ ታወጣና የራሳቸው ሰብኔት፣ የራሳቸው ጌትዌይ ትሰጣቸዋለህ። ከዚያ ማን ወዴት ይለፍ የሚለውን ፋየርዎሉ ላይ ትወስናለህ።

እዚህ ላይ የግል አስተያየቴን ልንገርህ፦ ትንሽ ቢሮ ውስጥ /24ን መቆራረጥ አልወድም። ለውስጥ አገልግሎት የተተወው አድራሻ እኮ ሞልቷል፤ በ10 የሚጀምረው በሙሉ፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያለው፣ በ192.168 የሚጀምረው በሙሉ። ቁጥር የምትቆጥብለት ሰው የለም። ለካሜራ ቪላን 20 ከሰጠህ ሰብኔቱን 10.40.20.0/24 አድርገው፣ ለቢሮው ቪላን 30 ከሆነ 10.40.30.0/24። ሦስተኛውን ቁጥር አይተህ የት እንዳለህ ታውቃለህ፣ በግማሽ ሌሊት ተጠርተህ ስትመጣ ሒሳብ አትሠራም። 192.168.1.0ን ቀስ በቀስ ብትተወው ደግሞ ሌላም ጥቅም አለው። የብዙ ሰው የቤት ራውተር ያንኑ ቁጥር ስለሚጠቀም፣ ሠራተኛው ከቤቱ በቪፒኤን (በኢንተርኔት በኩል ወደ ቢሮው ኔትወርክ በሚያስገባ መንገድ) ሲገባ የቢሮውን ፕሪንተር የራሱ ጎረቤት ይመስለውና ፓኬቱ ከቤቱ አይወጣም። ያው የቅድሙ ጥያቄ ነው፣ ጎረቤት ነው ወይስ ሩቅ?

መቁረጥ ግድ ሲሆን ባይነሪ ሳትጽፍ የምትሠራበት መንገድ አለ። ከ256 ላይ የማስኩን የመጨረሻ ቁጥር ቀንስ። 255.255.255.192 ከሆነ 64 ይቀርሃል፤ ሰፈሮቹ በ0፣ በ64፣ በ128፣ በ192 ይጀምራሉ። 77 የት ነው? ከ64 እስከ 127 ባለው ውስጥ። የመጀመሪያው 64 የኔትወርኩ ስም ነው፣ የመጨረሻው 127 ብሮድካስት ነው፣ ለመሣሪያ የሚሆነው ከ65 እስከ 126 ያለው 62 አድራሻ ነው። በ224 ብትሄድ 32 በ32 ይሆናል፣ ለመሣሪያ 30 ይተርፍሃል።

ወደ ማስፋት ስትሄድ ግን ብዙ ሰው የሚወድቅባት ጉድጓድ አለች። አድራሻ አለቀብኝ ብሎ 192.168.1.0ን በ/23፣ ማለትም በ255.255.254.0 ያደርግና 192.168.2.0ን የጨመረ ይመስለዋል። አይደለም። እዚህም 256 ሲቀነስ 254፣ 2 ይሆናል፤ ሦስተኛው ቁጥር ሁለት በሁለት ነው የሚሄደው፣ ከ0 ጀምሮ። ስለዚህ ያገኘው ከ192.168.0.0 እስከ 192.168.1.255 ነው፣ 192.168.2 ደግሞ ሌላ ሰፈር ነው።

«ክላስ ሲ ስለሆነ ማስኩ ይሄ ነው» የሚልህንም አትስማው። ክላስ የሚባለው አከፋፈል ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቦታውን ለቋል፤ ማስኩን የምትወስነው አንተ ነህ፣ አድራሻው አይደለም።

ማስኩን ከመለስክ በኋላ ለማረጋገጥ ከ192.168.1.50 ላይ ሆነህ ወደ ፕሪንተሩ ትሬስ አድርግ (ፓኬቱ በማን በማን በኩል እንደሚያልፍ እይ)። በዊንዶውስ «tracert» የሚባለው ትእዛዝ ነው። መጀመሪያ 192.168.1.1ን ካሳየህ ያ ኮምፒውተር አሁንም በድሮው ማስክ ላይ ነው። በቀጥታ 200ን ካሳየህ ሰፈሩ ተስተካክሏል፤ አሁን ማተሚያ ገጽ ላክ። ከዚህ በኋላም እምቢ ካለ ወደ ፕሪንተሩ ሂድና ከራሱ ሜኑ ላይ የኔትወርክ ገጹን አትም፣ አድራሻውንና ማስኩን በዓይንህ እይ፤ አልነካሁትም ያልከው እሱን ነው፣ ሌላ ሰው ግን ነክቶት ሊሆን ይችላል።