ሰባት የሶላር ሠራተኞች ማኅበር ማቋቋም ይችላሉን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የዝግጅት ክፍሉ አባላት። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተመርቄ በቡሬና በአካባቢዋ ለመስኖ አርሶ አደሮች በሶላር የሚሠራ የውሃ ፓምፕ እገጥማለሁ። ቅጥራችን በፕሮጀክት ስለሆነ ሥራው ሲያልቅ እንበተናለን። በአንድ አሠሪ ሥር ያለነው ሰባት ብቻ በመሆናችን ማኅበር ማቋቋም አትችሉም ተብለናል። ሌሎች አገሮች የታዳሽ ኃይል ሥራን በማኅበር የተደራጀ ሠራተኛ የሚሠራው ያደረጉት እንዴት ነው? ለእኛስ የሚሆን ምን አለ?

ከቡሬ፣ ምዕራብ ጎጃም

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የተነገራችሁ ነገር ሕጉን የተከተለ አይደለም፤ ወደ እርሱ ከመግባቴ በፊት ግን ስለ ሌሎቹ አገሮች የጠየቁትን ላስቀድም።

በዴንማርክ በሕግ የተደነገገ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ ከሦስት ሠራተኞች ሁለቱ ያህል የማኅበር አባላት በመሆናቸው ክፍያው የሚወሰነው በኅብረት ስምምነት ነው፤ የነፋስ ኃይል ኢንዱስትሪውም ያደገው በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ የነፋስ ተርባይን አምራች የሆነው የዴንማርኩ ቬስታስ በጀርመን ባለው ቅርንጫፉ ከብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ከኢጌ ሜታል ጋር ለመደራደር ፈቃደኛ ባለመሆኑ፣ ሠራተኞቹ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በድምሩ 123 ቀናት የሥራ ማቆም አድማ ካደረጉ በኋላ ነው በ2023 ስምምነት የተገኘው። ሥራው አየር ስለማይበክል ብቻ ለሠራተኛው የተሻለ ይሆናል ብሎ መጠበቅ እንደማይገባ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚያስፈልገን አይመስለኝም።

አሜሪካ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሕግ 1 ሜጋ ዋትና ከዚያ በላይ የሚያመነጭ ፕሮጀክት ለአካባቢው የተለመደውን ደመወዝ ከከፈለና ተለማማጆችን ካሠራ የፕሮጀክቱን ወጪ 30 በመቶ፣ ካልሆነ ግን 6 በመቶ ብቻ የሚያክል የግብር ቅናሽ እንዲያገኝ ደነገገ። ባለሀብቱ ደመወዝ ቢቀንስ የሚያጣው ከሚያተርፈው በለጠበት ማለት ነው። የነፋስና የፀሐይ ኃይል ቅናሽ ግን እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣ ሕግ በእጅጉ እንዲያጥር ተደርጓል፤ ስለዚህ መንግሥት የሰጠውን ብቻ ተማምኖ መቀመጥ አይበጅም።

ከሁለቱ ለጎጃም ይበልጥ የሚቀርበው የአሜሪካው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በእኛም አካባቢ ፓምፕ በብዛት የሚገዙት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የእርዳታ ፕሮጀክቶችና የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ናቸው። ደመወዝ፣ የአደጋ መድንና የደኅንነት ቀበቶ በጨረታ ሰነዱ ላይ በቅድመ ሁኔታነት ካልሰፈሩ፣ ውሉ ከተፈረመ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ብዙም ፍሬ አያፈራም። ይህን ሳይሰለች የሚጠይቅ ደግሞ የተደራጀ ሠራተኛ ነው።

አሁን ወደ ራሳችሁ ጉዳይ እንግባ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ ከአሥር ባነሱበት ድርጅት የምትሠሩ ደግሞ ከሌሎች መሰል ድርጅቶች ሠራተኞች ጋር ሆናችሁ፣ አባላቱ ከአሥር እስካላነሱ ድረስ፣ ጠቅላላ የሠራተኞች ማኅበር ማቋቋም ትችላላችሁ። በፍኖተ ሰላም፣ በዳንግላ ወይም በደብረ ማርቆስ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ሦስት ባልደረቦች ብታገኙ ቁጥሩ ይሞላል። የማኅበር አባል መሆን ከሥራ ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆንም አዋጁ በግልጽ ይደነግጋል። ለምዝገባ የምታቀርቡት የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ፣ የመሪዎቹን ስም፣ አድራሻና ፊርማ፣ የማኅበሩን ስምና ዓርማ እንዲሁም አባላቱ የሚሠሩባቸውን ድርጅቶች ስም ነው።