«አይጂኢዬ 640 ነው»፤ አቧራው ነው ወይስ ወስፋቱ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አራት ኪሎ አሮጌ መጻሕፍት እሸጣለሁ። ጠዋት ጠዋት መደርደሪያውን ሳራግፍ ያስነጥሰኛል፣ ዓይኔን ያሳክከኛል፤ አንዳንዴም ክንዴ ላይ ሽፍ ይልብኛል። የደም ውጤቴ «ነጭ የደም ሴል 8,000፣ ኢኦሲኖፊል 7 በመቶ፣ አይጂኢ 640» ይላል። አንዱ ወዳጄ «አለርጂ ነው፣ ሱቁን ዝጋ» ሲለኝ ሌላው «ፕሬድኒሶሎን ግዛ» ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ሱቁን አይዝጉ፤ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒትም ለጊዜው አይንኩት።

ኢኦሲኖፊል ከነጭ የደም ሴሎች አንዱ ዓይነት ነው፤ 7 በመቶ የሚለው ብቻውን ብዙ አይነግረኝም። የ8,000 ሰባት በመቶ 560 ነው፤ እኔ የማየው ይህን ነው። በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ500 ካለፈ ከፍ ብሏል እንላለን፤ የእርስዎ አለፍ ያለው በጥቂቱ ነው። ኢኦሲኖፊል በማይክሮስኮፕ ሲታይ ውስጡ በቀያይ ፍሬዎች የተሞላ ነው። ሴሉ ሲቆጣ ፍሬዎቹን ይረጫል፤ ትል የሚጎዳውም፣ የራሳችንን አፍንጫና ሳንባ የሚያቆስለውም ይኸው ነው። ቆጠራው ግን በደም ውስጥ ስንት ሴል እንዳለ እንጂ የትኛው እንደረጨ፣ ማን እንዳስቆጣውም አይናገርም።

በአለርጂ ጊዜ የሚበዛው ፀረ እንግዳ አካል፣ አይጂኢም እንዲሁ ነው። ብዙ ላብራቶሪዎች ከ100 በላይ ሲሆን «ከፍተኛ» ብለው ያሰምሩበታል፤ በእኛ አገር ግን ወስፋትና መንጠቆ ትልም ያንኑ ቁጥር ሽቅብ ይሰዱታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰገራ ይመርመሩ። አንድ ጊዜ «ምንም የለም» ቢባሉ አይበቃም፤ በተለያዩ ቀናት ይደገም። (ጥሬ ሥጋ ይወዱ እንደሆነ አልጻፉልኝም። የኮሶ ትልም ኢኦሲኖፊልን በመጠኑ ከፍ ሊያደርግ ይችላል።)

ፕሬድኒሶሎኑን ያቆየሁት በሁለት ምክንያት ነው። በሰዓታት ውስጥ ኢኦሲኖፊልን ስለሚያወርድ ቀጣዩን ምርመራ ያበላሽብናል። ከዚህ የከፋው ግን ስትሮንግይሎይድስ የሚባለው ትል ሆድዎ ውስጥ ካለ፣ መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ትሉ ተራብቶ መላ አካልን ሊወርር መቻሉ ነው። ይህ ሰው ይገድላል።

ሰገራው ንጹሕ ከሆነ የቆዳ ምርመራ ይጠይቁ። ክንድ ላይ የአቧራ ተባይ፣ የሻጋታና የሌሎችም ጠብታ አድርገው በመርፌ ጫፍ ጫር ያደርጉታል፤ በ15 ደቂቃ ያበጠው ቦታ ይነበባል። ሴትሪዚን የሚባለውን የአለርጂ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከሳምንት በፊት ያቁሙት፤ ካልሆነ ቆዳው ዝም ይላል። የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ በመሆንዎ እኔ የምጠረጥረው ሻጋታውንና ተባዩን ነው። የሚያብጠው ግን ከሕመምዎ ጋር ካልገጠመ ትርጉም የለውም፤ ምንም ሳያማቸው ቆዳቸው የሚያብጥ ብዙ ሰዎች አሉ።

አንድ ቀን ከንፈርዎ ወይም ጉሮሮዎ ቢያብጥ፣ ትንፋሽ ቢያጥርዎ፣ የምርመራ ነገር ይቅርና ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሩጡ፤ የሚቀድመው አድሬናሊን ነው። በአለርጂ ጊዜ ማስት ሴሎች ከሚባሉት የሰውነት ሴሎች የሚወጣውን ትሪፕቴዝ የተባለ ንጥረ ነገር የሚለካ ላብራቶሪ ከተገኘ፣ ደሙ ሕመሙ ከጀመረ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ ከአራት ሰዓት በፊት ይቀዳ። በማግስቱ የትሪፕቴዙ መጠን ወደ ቦታው ስለሚመለስ ምንም ያልሆኑ ይመስላሉ።

እስከዚያው መደርደሪያውን በደረቅ ጨርቅ አያራግፉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ማስክም ያድርጉ። ሌሊት ደረትዎ ሲር ሲር የሚል ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ አስም ሊሆን ስለሚችል የሳንባ ሐኪም ይይዎት።