ታዳሽ የሆነ ሁሉ ዘላቂ ነውን?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምኖረው በአዳማ ከተማ ሲሆን በኮረብታው ላይ የተተከሉትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ከደጃፌ ሆኜ ዘወትር አያቸዋለሁ። ልጄ ስለ ታዳሽና ዘላቂ የኃይል ምንጮች የቤት ሥራ ተሰጥቷት፣ «እንጨትም ቢቆረጥ ተመልሶ ይበቅላል፤ ታዲያ ከሰል ለምን ይነቀፋል?» ብትለኝ መልስ አጣሁላት። ውኃ እያለንስ ነፋስ ለምን አስፈለገን?
(አንዲት እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ልጅዎ የነካችው የጉዳዩን ሥር ነው። ታዳሽ የሚባለው ተፈጥሮ በአጭር ጊዜ መልሳ የምትተካው ምንጭ ነው፤ ፀሐይ፣ ነፋስ፣ ወራጅ ውኃ፣ በአሉቶ ላንጋኖ እንደሚታየው ያለ የከርሰ ምድር እንፋሎት፣ እንጨትም ጭምር ከዚሁ ይመደባሉ። የነዳጅ ዘይት ግን በሚሊዮኖች ዓመታት የተከማቸ ስለሆነ አንዴ ከተቃጠለ አይተካም። ዘላቂነት የሚመዘነው ደግሞ በአጠቃቀማችን ነው፤ የምንወስደው ተፈጥሮ ከምትተካው ከበለጠ፣ ታዳሹም ቢሆን ያልቃል።

እንጨት እንግዲህ ታዳሽ ነው፤ ልጅዎ አልተሳሳተችም። ይሁን እንጂ በአፈር ተዳፍኖ በሚከሰልበት በተለመደው መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት አምስት ኪሎና ከዚያም በላይ እንጨት ይፈጃል፤ ግራሩ ለማደግ ዓመታት ሲጠይቅ፣ ከእርሱ የወጣው ከሰል ግን በቀናት ውስጥ ዐመድ ይሆናል።

ውኃውም ቢሆን ከዚህ ጣጣ ነጻ አይደለም። በእናንተው አቅራቢያ የሚገኘውና በ1952 ዓ.ም. 43 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኖ ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ለዚህ ምስክር ነው፤ ከላይኛው የአዋሽ ተፋሰስ ዛፍና ሣር ሲራቆት፣ ዝናቡ ጠርጎ ያመጣው አፈር በሐይቁ ውስጥ ደለል ሆኖ እየተኛ ውኃ የመያዝ አቅሙን በእጅጉ ቀንሶታል። ላይ የተቆረጠው ዛፍ ታች ያለውን መብራት ይነካል ማለት ነው፤ ይህን ሁላችንም ልብ ልንለው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ነፋሱ ስንመለስ፣ አዳማ ቁጥር አንድ 51፣ ቁጥር ሁለት ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። እያንዳንዱ ተርባይን 1.5 ሜጋ ዋት ስለሆነ፣ ነፋሱ ሲመቸው አንዱ ብቻውን 400 ያህል የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ጊዜ ማጋል ይችላል። የነፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ማመንጫዎቹ ነፋሻማ ኮረብታ ተመርጦላቸው የተተከሉትም ስለዚሁ ነው። ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሱ ያለው በወቅቶች ላይ ነው፦ ግድቦቻችን የሚሞሉት በክረምት ሲሆን፣ ነፋሱ የሚበረታው ውኃው በሚቀንስበት በበጋ ነው። ነፋሱ በሠራ ቁጥር የግድቡ ውኃ ይቆጠባል፤ ነፋሱ ጋብ ሲል ደግሞ የተቆጠበው ውኃ ተለቅቆ ክፍተቱን ይሞላል።

ለቤት ሥራዋ እንዲረዳት፣ አንድ ጆንያ ከሰል ስንት ኪሎ እንደሚመዝንና ለስንት ቀን እንደሚበቃችሁ ልጅዎ ትመዝግብ፤ ከዚያም ክብደቱን በአምስት አባዝታ ለአንድ ዓመት ስንት ኪሎ እንጨት እንደሚያስፈልግ ታስላ።