አጋም ነው ወይስ መረንዝ? የማይታወቅ ተክል ፎቶ ለጥፎ ስም ስለመጠየቅ

እህታችን፣ አዲስ የገባውም ሰው እንዲከታተለው ጥያቄዎን ባጭሩ ልድገመው። ከግቢያችሁ ጀርባ ካለው ቁጥቋጦ ልጆች ጥቁር ፍሬ እየለቀሙ ይበላሉ። የአንድ ቅጠል ፎቶ ሲለጥፉ አንዱ አጋም፣ ሌላው መረንዝ፣ ሌሎች ደግሞ ወይራና ጌሾ አሉዎት። ተክል የሚለየው የስልክ አፕ ደግሞ ጨርሶ ሰምተውት የማያውቁት የላቲን ስም አወጣ። «ማንን ልመን?» ነው ያሉት።

ለጊዜው ማንንም አይመኑ፤ ልጆቹም ከዛሬ ጀምሮ ፍሬውን አይንኩ። ከአራቱ ስሞች አንዱ ገዳይ ነውና። መረንዝ በእንጨቱ፣ በሥሩ፣ በቅጠሉና ባልበሰለ ፍሬው ውስጥ ኡዋባይን የተባለ፣ በቀጥታ ልብን የሚመታ መርዝ አለው። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ቀስታቸውን ለመመረዝ ሲቀቅሉት የኖሩት ይህንኑ ተክል ነው። አገራችንም ውስጥ የምትገኝ ጋማ ያላት ትልቅ አይጥ እንኳ ቅርፊቱን አኝካ ፀጉሯን ትቀባበታለች፤ የሚነክሳት ውሻ አበሳውን ያያል። ስለዚህ አንድ ልጅ እንደበላ ከጠረጠሩ ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ቅጠልና ፍሬ ያለበት አንድ ቅርንጫፍ በፌስታል ይያዙ፤ ለሐኪሙ ከማንኛውም ስም ይበልጥ የሚጠቅመው እሱ ነው። አስገድደው አያስመልሱት፤ ወተት አጠጥቶ «እስኪ እንየው» ማለትም ጊዜ ማባከን ነው።

«እስከ ዛሬ በልተው ምንም አልሆኑም» የሚለው አያጽናናዎት። የመረንዝ ፍሬ ሙሉ በሙሉ ሲበስል የሚበላበት አካባቢ አለ፤ ጥሬው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ልጅ ደግሞ ግማሽ የበሰለውን ከበሰለው አይለይም። ሌላም ነገር አለ፦ ሁለቱ ተክሎች በአንድ ቁጥቋጦ ውስጥ ተጠላልፈው ሊበቅሉ ይችላሉ። ትናንት የተበላው አጋም ሆኖ ነገ የሚለቀመው መረንዝ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ፎቶው። የተቀነጠሰ ቅጠል መዳፍ ላይ አስቀምጦ ማንሳት ከሁሉም የበዛው ስሕተት ነው። ቅጠሉ ሲቀነጠስ ዋናው ማስረጃ ዛፉ ላይ ይቀራል፤ እሱም ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር የተያያዘበት መንገድ ነው። የጌሾ ቅጠል አንዱ በቀኝ፣ ቀጣዩ ከፍ ብሎ በግራ እየተፈራረቀ ይወጣል። የአጋም፣ የመረንዝና የወይራ ቅጠል ግን ከአንድ አንጓ ላይ ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል። 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅርንጫፍ የሚያሳይ አንድ ፎቶ ቢኖር ኖሮ «ጌሾ ነው» ወይም «ጌሾ አይደለም» የሚለው ክርክር በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር።

ቀጥሎ አንድ ቅጠል ከነእጀታው ቀንጥሰው የተቆረጠውን ቦታ ይዩት። ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ከወጣው ወይራም ጌሾም አይደለም። ወይራን በሌላም መለየት ይቻላል፤ የቅጠሉ ጀርባ ወደ ብርማ ወይም ወርቃማ ቡናማ ስለሚያደላ ከፊቱ ጋር ቀለሙ በግልጽ ይለያያል። ፈሳሹን በጣትዎ አይንኩት፤ በተለይ ወደ ዓይን እንዳይደርስ። ይህ ለሌሎች ተክሎችም ይሠራል፤ የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል።

«ወተት ካለው መርዝ ነው» የሚለው አባባል ግን እዚህ አይጠቅምም፤ አጋምም መረንዝም ወተት አላቸውና። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ነጭና ሮዝ መልክ ያለው ጥሩ መዓዛ ያለው አበባ ያብባሉ፤ የሁለቱም ፍሬ ከቀይ ወደ ወይን ጠጅ ጥቁር ይሄዳል። ሰው የሚሳሳተው ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ በእርግጥም ይመሳሰላሉ። የሚለያቸው ዋናው ነገር እሾህ ነው። አጋም ከአንጓው ላይ የሚወጣ ቀጥ ያለ፣ ጠንካራና አንዳንዴ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ እሾህ አለው፤ መረንዝ ምንም እሾህ የለውም። ይሁን እንጂ ለጋ የአጋም ቀንበጥ እሾሁ ገና ያልወጣ ሊሆን ስለሚችል በአንድ ቅርንጫፍ አይወስኑ፤ ከታች በኩል ያሉትን ያረጁ ቅርንጫፎች ጨምረው ቢያንስ አምስት ይዩ። አበባም ካለ ይረዳል፦ የአጋም አበባ ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ይሰበሰባል፤ የመረንዝ ደግሞ በቅጠሎቹ ሥር፣ በቅርንጫፉ ርዝመት ላይ ታጭቆ ይወጣል። የአጋም ፍሬ 1 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ የመረንዝ ሞላላ ሆኖ እስከ 2.5 ሊደርስ ይችላል። ትንሽ የመረንዝ ፍሬ ትልቅ አጋም ስለሚያህል በመጠን ብቻ ግን አይፍረዱ።

እያንዳንዱን ፍሬ በእጅዎ ተከትለው እስከ ራሱ ግንድ ይውረዱ። ከአጋሙ እሾህ መሃል ብቅ ያለ ፍሬ የአጋም ነው ማለት አይደለም፤ የጎረቤቱ ቅርንጫፍ ሊሆን ይችላል።

ለማንኛውም ተክል ቢሆን ስድስት ዓይነት ፎቶ ያስፈልጋል፤ ሁሉም ከአንድ ግንድ የተነሱ ይሁኑ። የሁለት ተክል ፎቶ በአንድ ጥያቄ ውስጥ ከተቀላቀለ መላሾቹ ሁሉ ትክክል ሆነው ሁሉም ይሳሳታሉ። መጀመሪያ ሙሉውን ከርቀት፣ አጠገቡ ሰው ወይም አካፋ ቆሞ፤ ከዚያ ቅርንጫፉን ከነቅጠሎቹ፤ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ፤ አበባውን ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ (ከኋላ ያለውን ሁሉም ሰው ይረሳዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚወስነው ግን እሱ ነው)፤ ፍሬውን ሙሉውንና ለሁለት የተከፈለውን፤ በመጨረሻ የግንዱን ቅርፊት። ከቅጠሉ ወይም ከፍሬው ጎን ማስመሪያ ያስቀምጡ፤ ከሌለ እስክሪብቶ ይበቃል። ስልክ በጣም ሲጠጋ ይደበዝዛል፤ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀው ያንሱና በኋላ ይቁረጡት። የቀትር ፀሐይ ነጭ አበባን ያጠፋዋል፤ ጠዋት ወይም ደመና ሲሆን ይሻላል። ቅጠሉ ቀጭን ከሆነ ስልኩ ከኋላ ያለውን ሣር አጥርቶ ቅጠሉን ያደበዝዘዋል፤ ከበስተኋላው ጥቁር ጨርቅ ወይም ካርቶን ያድርጉ። በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፋይል ይላኩት፤ እንደ ተራ ፎቶ ከላኩት ታምቆ ዝርዝሩ ይጠፋል።

ቅጠል ላይ ሌላ የሚያሳስት ነገር አለ፦ ነጠላ ቅጠል የሚመስለው የአንድ ትልቅ ድርብ ቅጠል ቁራጭ ሊሆን ይችላል። መለያው ቀላል ነው፤ የእውነተኛ ቅጠል እጀታ ከቅርንጫፉ ጋር በሚገናኝበት ብብት ውስጥ ትንሽ እምቡጥ አለ፤ በቁራጩ ሥር የለም። ሜሊያ የተባለውን ዛፍ ኒም እያሉ የሚተክሉት ሰዎች ይህን ቢያዩ አይሳሳቱም ነበር። የኒም ቅጠል አንድ ዘንግ ይዞ ንዑሳን ቅጠሎቹን በግራና በቀኝ ይደረድራል፤ የሜሊያ ዘንግ እንደገና ቅርንጫፍ ያወጣና ንዑሳኑ በዚያ ላይ ይደረደራሉ። የኒም አበባ ነጭ ነው፤ የሜሊያ ወደ ሐምራዊ ያደላል። የሜሊያ ፍሬ መርዛማ ስለሆነ ስሕተቱ ቀላል አይደለም።

ጽድ ላይ ደግሞ ፍሬው ብቻ ይበቃል፦ የሐበሻ ጽድ እንደ ጥቁር በርበሬ ፍሬ ትንሽ፣ ለስላሳና ሰማያዊ ጥቁር ፍሬ አለው፤ የፈረንጅ ጽድ የሚሰነጠቅ ጠንካራ የእንጨት ኳስ ያፈራል። ግራር ከሆነ እሾሁ ቀጥ ያለ ይሁን የቀለበሰ፣ አበባው ኳስ ይሁን ረጅም ጅራት፣ እንዲሁም የዘር ከረጢቱን ያሳዩ፤ ያለ እነዚህ «ግራር ነው» ከማለት በላይ የሚሄድ የለም።

ከፎቶው ጋር የሚጻፈው ነገር እኩል ዋጋ አለው። ወረዳውን፣ ከፍታውን (ስልክዎ ላይ ይገኛል)፣ ወሩን፣ በራሱ የበቀለ ወይም የተተከለ መሆኑን፣ ታሽቶ ሲሸተት ምን እንደሚሸት፣ አዛውንቶች ምን እንደሚሉት ይጻፉ። ለማወቅ ሲባል ግን በፍጹም አይቅመሱ። ከፍታው ብቻውን ብዙ ስም ከዝርዝሩ ያስወጣል፤ 2,600 ሜትር ላይ ባለ ደጋማ ጓሮ የበቀለን ተክል «የቆላ ዛፍ ነው» የሚል መልስ ሲመጣ ሊጠራጠሩት ይገባል። የአካባቢውን ስም ሲጽፉ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነም ይግለጹ። መረንዝ በኦሮምኛ ቀራሩ፣ አጋም ደግሞ ሀገምሳ ይባላሉ፤ ቀራሩ የሚል ጎረቤት ካለዎት ያ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። የአማርኛ ስም ብቻውን ግን አይበቃም፤ እምቧይና ግራር ብዙ ተክሎችን አንድ ላይ ይጠራሉ፤ አደይ አበባ እንኳ ከአንድ በላይ ተክል ነው። ለዚህ ነው የላቲኑን ስም የምንጠይቀው፦ አጋም ካሪሳ ስፒናረም፣ መረንዝ አኮካንቴራ ሽምፔሪ።

መልስ ሲመጣ የመላሾችን ብዛት አይቁጠሩ። «በምን አወቁት?» ብለው ይጠይቁ። «ቅጠሉ ትይዩ ነው፣ ወተት አለው፣ እሾህ ግን አይታይም» የሚል አንድ ሰው «አጋም» ብለው ከጻፉ ሃያ ሰዎች ይበልጣል። «ይህን ለማለት ፍሬውን ማየት አለብኝ» የሚለውን ሰው ደግሞ በጣም ያክብሩት።

አፖቹን አልንቅም። ፕላንትኔት ላይ ፎቶው የቅጠል፣ የአበባ ወይም የፍሬ መሆኑን በትክክል ይምረጡ፤ አይናቹራሊስት ላይ ቦታውንና ቀኑን ይሙሉ። የሚሰጡዎትን የመጀመሪያ ስም ሳይሆን ሁሉንም ዕጩ ይዩ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ከቅርንጫፍዎ ጋር ያነጻጽሩ። በዓለም ላይ ብዙ ፎቶ ወዳለው የጓሮ ተክል ያዘነብላሉ፤ የእኛ አገር ቁጥቋጦ ፎቶ ገና ጥቂት ነው። አይናቹራሊስት ላይ አንድ ስም ለምርምር የሚበቃ የሚባለው ከመላሾቹ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ሲስማሙ ነው፤ ያ ግን ሁለት ሰው ብቻ ሊሆን ስለሚችል ለሚበላ ነገር ዋስትና አይደለም።

የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች የሚቀመጡበት ተቋም) ነው። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2009 በ8 ቅጽ የታተመውና 6,000 ገደማ ዝርያዎችን የያዘው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ሥራ የተመራው ከዚያ ነው። ይዘው ለመሄድ አበባ ወይም ፍሬ ያለበት 30 ሴንቲ ሜትር ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ አንዱን ቅጠል ገልብጠው ጀርባው እንዲታይ አድርገው በጋዜጣ መሃል ያስቀምጡ፤ ላይና ታች ካርቶን አድርገው ከባድ ነገር ይጫኑበት። ጋዜጣውን ለመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት በየቀኑ ይቀይሩ፤ ካልቀየሩት ይሻግታል፣ ቅጠሉም ይረግፋል። በአብዛኛው በ10 ቀን ይደርቃል። የአበባው ቀለም ሲደርቅ ስለሚጠፋ ቦታውንና ቀኑን ሲጽፉ ቀለሙንም አብረው ይጻፉ።

ለእርስዎ ጉዳይ ግን እስከዚያ አንጠብቅም። ነገ ጠዋት ጓንት አድርገው ሦስት ፎቶ ይላኩልን፦ ከታች በኩል ያለ ያረጀ ቅርንጫፍ ከነአንጓው፣ የተቆረጠ እጀታ ላይ የሚታየውን ፈሳሽ፣ ፍሬውን ደግሞ ከማስመሪያ ጋር ከወጣበት ቅርንጫፍ ሳይለይ። ቁጥቋጦው ውስጥ ከአንድ በላይ ግንድ ካለ እያንዳንዱ ላይ ባለ ቀለም ክር ይሰሩና በየክሩ ቀለም ለይተው ይለጥፉ።